ሮም ተርፋ ፋርስ ለምን ጠፋች?

የቀረበው ጥያቄ ይህ ነው፦ «የፋርስ ጦር በ619 እስክንድርያን ይዞ ነበር። በ626 ከቁስጥንጥንያ ማዶ ሰፍሮ የከተማዋን ግንብ እያየ ነበር። በ651 ግን የፋርስ መንግሥት የሚባል ነገር የለም። ዝሆንም ሆነ ከባድ ፈረሰኛ ያልነበረው የበረሃ ጦር ይህን ግዙፍ መንግሥት እንዴት ጣለው? በዚያው ጦር የተመታችው ሮምስ እንዴት ተረፈች?»

መጀመሪያ ባጭሩ። የሳሳናውያንን፣ ማለትም ያኔ ፋርስን ይገዛ የነበረውን ሥርወ መንግሥት፣ የገደለው እንደሚባለው ሙስሊም አረቦች በኢራቅ ያሸነፉበት የቃዲሲያ ጦርነት አይደለም። ነገሩ ያበቃለት ከዚያ 8 ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ በየካቲት 628፣ የገዛ መኳንንቱ ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ኮስሮን ከዙፋን አውርደው ሲገድሉት ነው። ቃዲሲያ ያንን ሞት አወጀ። ሮም የተረፈችው ደግሞ በብርታት ብቻ አልነበረም፤ ቤተ መንግሥቷ ከባሕርና ከተራራ ጀርባ ነበር። የፋርስ ቤተ መንግሥት፣ ግምጃ ቤትና ጎተራ ግን ሦስቱም በአንድ ሜዳ ላይ፣ ከአረብ በረሃ የጥቂት ቀን መንገድ ላይ ነበሩ። (ሮም ስል ዋና ከተማዋ ቁስጥንጥንያ የሆነችውን የምሥራቋን ሮም ማለቴ ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አሁን ወደ ዝርዝሩ። ኮስሮ ዙፋኑን ያገኘው በሮም ንጉሥ በሞሪስ እርዳታ ነበር፤ ባህራም ቾቢን የተባለ የጦር አዛዥ አባሮት ሲሰደድ ሞሪስ ጦር ሰጥቶ በ591 መለሰው። በ602 ሞሪስ በፎቃስ ሲገደል ኮስሮ «የባለውለታዬን ደም እበቀላለሁ» ብሎ ተነሣ። ጦርነቱ 26 ዓመት ፈጀ። አንጾኪያ፣ ደማስቆ፣ በ614 ኢየሩሳሌም ከነዕፀ መስቀሉ፣ ከዚያም ግብፅ ተያዙ። በካርታ ላይ ሲያዩት ድል ነው። በሒሳብ መዝገብ ላይ ግን ሌላ ነው፤ ከዓባይ እስከ ቦስፎረስ የተበተነ ጦር ዓመት እስከ ዓመት መመገብና ደመወዙን መክፈል ነበረበት። በዚያ ላይ ፋርስ በሜድትራኒያን መርከብ አልነበራትም። በ626 አቫሮች ቁስጥንጥንያን ከምዕራብ ሲከቡ፣ የፋርሱ አዛዥ ሻህርባራዝ በእስያው በኩል ቆሞ ከማየት በቀር አንድም ነገር አላደረገም፤ የሮም ጀልባዎች መሻገሪያውን ዘግተውት ነበር።

የሮሙ ንጉሥ ሕርቃል ያደረገው ነገር ለኋለኛው ታሪክ ቁልፍ ነው። ሶርያንና ግብፅን ለማስመለስ አልሄደም። በአርመንና በካውካሰስ ዞሮ፣ ከምዕራብ ቱርኮች ጋር ተባብሮ፣ በቀጥታ ወደ መንግሥቱ ልብ ወረደ። በታኅሣሥ 627 በነነዌ ፍርስራሽ አጠገብ የፋርስን ጦር መታ፤ በጥር 628 ኮስሮ አዘውትሮ ይቀመጥበት የነበረውን የደስታገርድን ቤተ መንግሥት ዘረፈ። በየጦርነቱ የተማረኩ 300 የሮም ዓርማዎች እዚያ እንዳገኘ ተጽፏል። ወደ ዋና ከተማዋ ወደ ቴሲፎን ያልገባው በናህራዋን ቦይ ላይ ያለው ድልድይ ስለተቆረጠበት ነው። ልብ ይበሉ፤ ምዕራቡን በሙሉ የያዘች ፋርስ ዋና ከተማዋን ከአንድ የክረምት ዘመቻ ያዳነቻት በአንድ ቦይ ነበር። መኳንንቱ ይህን አዩ። ኮስሮን ሲከሱት ከዝርዝሩ ውስጥ ውዝፍ ግብር በግፍ ማስከፈሉ፣ ወታደሩን ከሚስቱና ከልጁ ለይቶ በሮም ድንበር ለዓመታት ማስቀመጡ፣ የሂራውን ንጉሥ ኑዕማንን ማስገደሉ ይገኙበታል። የመጨረሻዋን ክስ ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ። (ዕፀ መስቀሉ ወደ ኢየሩሳሌም የተመለሰው በ630 ነው፤ ይህን የሕርቃል ታሪክ የእኛም ስንክሳር በመጋቢት 10 ያነሣዋል።)

ኮስሮን የተካው ልጁ ሺሮዬ ወንድሞቹን በሙሉ አስገደለ፤ ምንጮች 17 ወይም 18 ይላሉ። ይህ የጭካኔ ወሬ ብቻ ተደርጎ መነበብ የለበትም። የሳሳናውያን ዙፋን ከዘር ውጭ ማንም ሊቀመጥበት የማይፈቀድ ነበርና፣ በአንድ ቀን ለመግዛት የደረሰ ወንድ ወራሽ ሁሉ ሲያልቅ ለሚመጣው ችግር መፍትሔ የሚሆን ሰው አልቀረም። እሱ ራሱ ዓመት ሳይሞላው በወረርሽኝ ሞተ። ወረርሽኙ እስከ ዛሬ በስሙ «የሺሮዬ መቅሠፍት» ይባላል።

በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ በዚያው ሰሞን ጤግሮስ ሞልቶ ግድቦቹን ሰበረ። ብዙ ጸሐፊዎች በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚያልፉት ይህን ነገር ትንሽ ልቆይበት፤ የፋርስ ገንዘብ የሚመጣው ከዚህ ነውና።

የታችኛው ኢራቅ ዝናብ የለውም ማለት ይቻላል። እህሉ የሚበቅለው በመስኖ ነው። ወንዞቹ የሚሞሉት ግን እንደ ዓባይ ከአጨዳ በኋላ ሳይሆን፣ ጤግሮስ በሚያዝያ፣ ኤፍራጥስ በግንቦት፣ ስንዴውና ገብሱ ሊታጨድ ሲል ነው። ስለዚህ ገበሬው በሚዘራበት ጊዜ ውሃ ይፈልጋል፣ በጸደይ ውሃውን ይፈራል። ሁለቱንም የሚያስታርቀው የአፈር ግድብና ቦይ ነው። ቦዩ በየዓመቱ በደለል ይሞላል፤ ካልተጠረገ ውሃው ይቆማል፣ ካልተንጣፈፈ ጨው ወደ ላይ ይወጣል። ይህን ጠረጋ አንድ መንደር አይችለውም፤ ሰው የሚያሰልፍ፣ ከላይ ያለውን መንደር ከታች ካለው የሚዳኝ መንግሥት ያስፈልጋል። የአረብ ጸሐፊዎች እንደሚሉት ኮስሮ ግድቡን ለማስጠገን ገንዘብ ከመረ፣ ሠራተኞችም ሰቀለ፤ ውሃው ግን አልታዘዘም። ከእሱ ሞት በኋላ ደግሞ ለ4 ዓመት የሚያሠራም የሚከፍልም ጠፋ። በደቡብ ኢራቅ የነበረው ረግረግ ከዚያ ወዲህ ሰፍቶ ቀረ።

ግብሩ የተመሠረተው በዚህ መሬት ላይ ነበር። ቀዳማዊ ኮስሮ በ6ኛው ክፍለ ዘመን መሬቱን አስለክቶ ቋሚ ግብር ጣለበት፦ ለአንድ ጀሪብ (1,600 ካሬ ሜትር ገደማ) ስንዴ ወይም ገብስ 1 ዲርሃም፣ ለአንድ ጀሪብ ወይን 8 ዲርሃም። ከዚያ በፊት መንግሥት ከምርቱ ድርሻ ይወስድ ነበር። ቋሚው ግብር በደህና ጊዜ ለግምጃ ቤቱ ይበጃል፤ ገቢው አስቀድሞ ይታወቃልና። መሬቱ ውሃ ሲውጠው፣ ገበሬው በወረርሽኝ ሲሞት ግን መዝገቡ ያንኑ ቁጥር ይጠይቃል፤ ገንዘቡ ግን የለም። የሳሳናውያን ከባድ ፈረሰኛ ደግሞ ከዚህ ገንዘብ ነው የሚወጣው፦ ለሰውየው ጥሩርና የራስ ቁር፣ ለፈረሱም ልብሰ ብረት፣ ጦር፣ ሰይፍ፣ ቀስት፣ ትርፍ ፈረስ፣ ከልጅነት የጀመረ ሥልጠና። በነነዌ የጠፋው እንዲህ ያለ ጦር በሁለት በሦስት ዓመት አይተካም።

ከ628 እስከ 632 ዙፋኑ ላይ የወጣውን ሰው ሁሉ መዘርዘር አያስፈልግም፤ ወደ 10 ይጠጋሉ፣ አንዳንዶቹም በአንድ ጊዜ በተለያየ ቦታ ነበር የነገሡት። ሺሮዬን የተካው ልጁ አርደሺር የ7 ዓመት ሕፃን ነበር። ሻህርባራዝ ገድሎት ነገሠ፤ የንጉሥ ዘር ስላልነበረ ግን 40 ቀን ያህል ቆይቶ ተገደለ። ወንድ ሲጠፋ የዳግማዊ ኮስሮ ልጆች ቦራንና አዛርሚዱኽት ነገሡ። ከዚህ ሁሉ አንድ ታሪክ ብቻ ልንገርዎ፤ የቀረውን ያስረዳል። የሰሜኑ ጦር አዛዥ ፋሩኽ ሆርሚዝድ ንግሥት አዛርሚዱኽትን አግብቶ መንግሥቱን ሊይዝ ጠየቀ። እሷ አስገደለችው። ልጁ ጦሩን ይዞ ቴሲፎን ገባና ተበቀላት። ይህ ልጅ ሩስተም ነው፤ ቃዲሲያ ላይ ፋርስን ወክሎ የሚቆመው ያው ሩስተም። ማለትም የመንግሥቱ የመጨረሻ ተከላካይ ሥልጣን የያዘው ዋና ከተማውን ወርሮ፣ ንግሥቲቱን አጥፍቶ ነው።

በጀርባ ያለው ሽኩቻ የቆየ ነው። የሰሜንና የምሥራቅ ታላላቅ ቤቶች ፓህላቭ ይባላሉ፤ ዘራቸውን ከሳሳናውያን በፊት ከነበሩት ፓርታውያን ይቆጥራሉ፤ ሩስተም የእነሱ ሰው ነው። የደቡብ ምዕራቡ ወገን ደግሞ ፓርሲግ ይባላል። ጠንካራ ንጉሥ ሲኖር ሁለቱም ጦር ያዋጣሉ። ሲጠፋ እያንዳንዱ የራሱን እጩ ያነግሣል። በ632 ሣልሳዊ ያዝደገርድ፣ ገና ልጅ ሳለ፣ በቴሲፎን ሳይሆን በደቡብ ምዕራብ ኢራን ባለችው በኢስታኽር ዘውድ ጫነ። በመጀመሪያዎቹ የግዛት ዓመታቱ የብር ገንዘቡ የተመታው በጥቂት ከተሞች ብቻ መሆኑ «ንጉሠ ነገሥት» የሚለው ማዕረግ እስከ የት ይሠራ እንደነበር ያሳያል።

ወደ ኑዕማን ልመለስ። በደቡብ ኢራቅ የነበረችው የሂራ ነገሥታት፣ የላኽም ቤት፣ አረቦች ነበሩ፤ በሕዝባቸውም ውስጥ ክርስቲያኖች ነበሩ፤ ለ300 ዓመት ያህል የበረሃውን ድንበር ለፋርስ ጠብቀዋል። የትኛው ጎሣ ለምን ወደ እርሻው እንደሚጠጋ፣ ማንን በስጦታ ማንን በዱላ መመለስ እንደሚቻል የሚያውቁት እነሱ ነበሩ። ኮስሮ በ602 ገደማ ኑዕማንን አስሮ ገደለና ቤቱን አፈረሰ። ጥቂት ዓመት ሳይቆይ የበክር ጎሣዎች ዚ ቃር በተባለ ቦታ የፋርስን ጦር መቱ። ውጊያው ትንሽ ነበር። ነገር ግን በ633 ከሙስሊም አረቦቹ አዛዥ ከኻሊድ ኢብን አል-ወሊድ ጋር ወደ ኢራቅ የገባው አል-ሙሰና ከእነዚሁ ከበክር ሰዎች ነው። አጥሩን ያፈረሰው ባለቤቱ ራሱ ነበር።

ሌላዋ የአረብ ግዛት የመን ናት፤ ይህች ለእኛ አንባቢ ቅርብ ናት። ከአክሱም ጦር ጋር ተሻግሮ የመንን የገዛው የአብርሃ ልጅ መስሩቅ በ570ዎቹ በፋርሱ አዛዥ በዋህሪዝ ተሸንፎ ከተገደለ ወዲህ አገሪቱ የፋርስ ነበረች። ኮስሮ ሲገደል የመጨረሻው አገረ ገዥ ባዛን የሚታዘዝለት ማዕከል አጣና እስልምናን ተቀበለ። ያለ ጦርነት።

ቃዲሲያ ላይ ልድረስ። ከዚያ በፊት ግን በ634 በኤፍራጥስ ላይ የተደረገው «የድልድዩ ጦርነት» አለ። አረቦቹ በጀልባ ድልድይ ተሻግረው ጠባብ ቦታ ላይ ተጣበቁ፣ ፈረሶቻቸው ከዝሆን ሸሹ፣ አዛዣቸው አቡ ዑበይድ በዝሆን ተረግጦ ሞተ፣ ድልድዩም ተቆረጠባቸው። ሙሉ ሽንፈት ነበር። ፋርስ ግን አላሳደደችም፤ አሸናፊው አዛዥ በዋና ከተማው ብጥብጥ ተነሣ ተብሎ ተጠራ። «ፋርስ በጦር ሜዳ ደካማ ነበረች» ለሚል ሰው መልሱ ይህ ውጊያ ነው። ያጣችው ድል ሳይሆን ድሉን የሚጨርስ መንግሥት ነበር።

የቃዲሲያን ዓመት አንዳንዱ 636፣ አንዳንዱ 637 ወይም 638 ይለዋል፤ ቅደም ተከተሉ ግን ግልጽ ነው፦ ሕርቃል በነሐሴ 636 በያርሙክ ከተሸነፈ በኋላ ከሶርያ የተለቀቀ ጦር ለአረቦቹ ደርሷል። የፋርስን ሠራዊት ከ100,000 በላይ የሚያደርሱ ቁጥሮችን አይመኑ፤ ከላይ ያየነው ግምጃ ቤት ያን ያህል ሰው ሊመግብ አይችልም።

ወሳኙ ነገር ቦታው ነው። አዛዡ ሰዕድ ኢብን አቢ ወቃስ በበረሃውና በእርሻው ጠርዝ ላይ ሰፈረ። ከተሸነፈ ከባድ ፈረሰኛ ውሃ ወደማያገኝበት በረሃ ያፈገፍጋል፤ ካሸነፈ እርሻው ከፊቱ ነው። ሩስተም ይህን ስለገባው ለወራት ዘገየ፤ ረሃብ ይበትናቸዋል ብሎ። የማይቻለው ነገር መጠበቅ ሆነ፦ አረቦቹ የመንደሩን ከብትና እህል እየዘረፉ በሉ፣ ባላባቶቹ «ካልደረሳችሁልን ከእነሱ ጋር እንታረቃለን» ብለው ወደ ንጉሡ ላኩ፣ ወጣቱ ንጉሥም ሩስተምን ግፋ አለው። ሩስተም የዐቲቅን ቦይ በአፈርና በሸምበቆ አስደልድሎ ተሻገረ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ውሃው ከጀርባው ነበር።

ውጊያው ወደ 4 ቀን ወሰደ። በመጀመሪያው ቀን ዝሆኖቹ የአረቡን ፈረስ በተኑት። መፍትሔው ቀላል ነበር፦ እግረኞች በጎን እየገቡ በዝሆኑ ጀርባ ያለውን ማማ ያሰረውን ጠፍር በጠሱ፤ ማማው ከነቀስተኞቹ ወደቀ። በሁለተኛው ቀን ዝሆን አልተሰለፈም፤ የሶርያውም እርዳታ መግባት ጀመረ። በሦስተኛው ቀን ዝሆኖቹ ተመለሱ፣ ዓይናቸውንና ኩምቢያቸውን ሲመቱ ዞረው የራሳቸውን መስመር ረገጡ። ሌሊቱን ሲዋጉ አድረው በማግሥቱ ነፋስ አሸዋ ይዞ በፋርሶቹ ፊት ላይ ነፈሰ፤ ሩስተም ተገደለ፤ ሸሹ፤ ከኋላቸው ቦዩ ነበር። ከውጊያው በኋላ ለፋርስ ይዋጉ የነበሩ 4,000 የዴይለም (የሰሜን ኢራን ተራራማ አገር) እግረኞች በደመወዝ ወደ አረቡ ወገን ዞረው አረቦቹ በኢራቅ በቆረቆሯት በኩፋ ሰፈሩ። እነዚህ ሰዎች ከሃዲ ተብለው ይነሣሉ፤ ፍርዱ ይከብዳል። ለዓመታት ማን ንጉሣቸው እንደሆነ ሳያውቁ ኖረው ደመወዝ ወደሚከፍል ሄዱ።

ቴሲፎን በ637 ወደቀች። ያዝደገርድ ግምጃ ቤቱን አስቀድሞ ወደ ሑልዋን አሽሽቶ ነበር። ጀልባውና ድልድዩ ቢነሣም አረቦቹ ጤግሮስን በፈረስ ተሻገሩት። የኮስሮ አዳራሽ መስጊድ ሆነ፤ 25 ሜትር ገደማ ስፋት ያለው የጡብ ቅስቱ ከባግዳድ በስተ ደቡብ ምሥራቅ እስከ ዛሬ ቆሟል። በጀሉላ፣ በዛግሮስ ተራራ በር ላይ፣ ሌላ ሽንፈት ተከተለና ኢራቅ አለቀች። ከኢራቅ ጋር የመንግሥቱ ትልቁ የግብር ምንጭ ሄደ።

ሮምን እዚህ ላይ ማነጻጸር ነው። እሷም ሶርያን አጣች፤ ግብፅን፣ ማለትም ጎተራዋን፣ በ642 አጣች። ነገር ግን ሕርቃል የተረፈውን ጦር ከታውሮስ ተራራ ጀርባ ሰበሰበ። ዋና ከተማዋ፣ የቢሮ ሠራተኞቿ፣ የመርከብ ኃይሏና የአናቶልያ ግብሯ አልተነኩም። በ717 እና 718 ቁስጥንጥንያ ስትከበብ ግንቡና እሳት የሚተፉት መርከቦቿ አዳኗት። ሮም እጅና እግሯን አጥታ ጭንቅላቷ ተረፈ፤ የፋርስ ተቃራኒው ነው፤ ሰፊው የኢራን ደጋ ሳይነካ ጭንቅላቷ ተወሰደ።

ታዲያ ደጋው ለምን አልተከላከለም? ተከላክሏል፤ ግን በየቤቱ። ኻሊፋ ዑመር በዛግሮስ ላይ ሊያቆም ይፈልግ ነበር፤ ከኹዚስታንና ከኒሃወንድ የሚነሣው የመልሶ ማጥቃት እንዲገፋ አደረገው። የፋርሱ አዛዥ ሁርሙዛን በኹዚስታን ያለችውን የሹሽታርን ከተማ 2 ዓመት ያህል ያዘ፤ በዘመኑ ቅርብ የተጻፈ የሱርስት ዜና መዋዕል እንደሚለው የከተማው ሰዎች ከምርኮው ድርሻ ለማግኘት ተስማምተው ከግንቡ ሥር መተላለፊያ አስቆፈሩ። በ642 በኒሃወንድ አንድ ላይ የተሰበሰበው የመጨረሻ ጦር፣ የሽሽት ማታለያ ከምሽጉ አውጥቶት ተመታ። በረይ ከተማ ደግሞ የሚህራን ቤት የሆነውን ሲያዋኽሽን የሚጠላ ሌላ ባላባት አረቦቹን በሌሊት በጓሮ መንገድ አስገባና ሹመቱን ወሰደ። ከዚህ ወዲያ እያንዳንዱ ከተማ የራሱን ውል ይዋዋላል፦ ይህን ያህል ዲርሃም በዓመት፣ በምላሹ ቤቴም የእሳት ቤተ መቅደሴም አይነካ። ለአንድ ባላባት ስሌቱ የሚገርም አይደለም፤ ለንጉሡ ይከፍል የነበረውን ለሌላ ከፈለ፣ በመካከሉ ያለው ቦታውም አልተነሣበትም።

ያዝደገርድ ከኢስፋሃን ወደ ኢስታኽር፣ ወደ ከርማን፣ ወደ ሲስታን፣ በመጨረሻም ወደ መርቭ ሄደ። በየደረሰበት ውዝፍ ግብር ይጠይቅ ነበር፤ በየደረሰበት ጠሉት። ተከታዮቹ ብዙ እንደነበሩ ይተረካል፤ ወጥ ቤቶች፣ ጸሐፊዎች፣ ሴቶችና ሕፃናት፤ የሚዋጋ ግን ጥቂት። የመርቩ ገዥ ማሆዬ ከዳው፤ በ651 በአንድ ወፍጮ ቤት ተገደለ። የቀበረው የከተማው ክርስቲያን ጳጳስ እንደሆነ ይነገራል። ልጁ ፔሮዝ ቻይና ገብቶ በታንግ ቤተ መንግሥት ማዕረግ አገኘ።

«ፈረሰ» የሚለውን ቃል ግን በልክ ይጠቀሙበት። ከ651 በኋላ የተመቱትን የብር ሳንቲሞች ቢያዩ በአንዱ ገጽ ዘውድ የደፋ የፋርስ ንጉሥ፣ በሌላው ገጽ የእሳት መሠዊያና ሁለት ጠባቂዎች ያገኛሉ፤ ከመሠዊያው በግራ ዓመቱ፣ በቀኝ የከተማው ስም በፓህላቪ ፊደል ተጽፏል። የተጨመረው በጠርዙ ላይ «ቢስሚላህ» የምትል ትንሽ የአረብኛ ጽሑፍ ብቻ ናት። በዚህ መልክ ግማሽ ክፍለ ዘመን ያህል ሠርተዋል። የኢራቅ የግብር መዝገብም በፋርስኛ፣ በፋርስ ጸሐፊዎች እጅ መጻፉ የቀጠለው የኢራቁ አገረ ገዥ አል-ሐጃጅ በ697 ገደማ ወደ አረብኛ እስኪያስገለብጠው ድረስ ነው።